የቱርክኛ ስም መድረሻ ላይ የምትቀመጠው «ኢ»

የቱርክ ምክር ቤት ሙሉ ስም «ቱርኪዬ ቡዩክ ሚሌት ሜጅሊሲ» ነው። «ቡዩክ» ታላቅ ማለት ነው፤ «ሚሌት» ሕዝብ ነው፤ «ሜጅሊስ» ደግሞ እኛም «መጅሊስ» ብለን የምናውቀው፣ ከዓረብኛ የመጣ የጉባኤ ስም ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ የተቀመጠ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ይፈታቸዋል። የምትቸግረው መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ናት፤ መዝገበ ቃላቱ «ሜጅሊስ» ይላል እንጂ «ሜጅሊሲ» አይልም። የአገሪቱን ይፋ ስም ቢመለከትም ያችው «ኢ» ትጠብቀዋለች፦ ሪፐብሊክ «ጁምሁሪዬት» ነው፣ የቱርክ ሪፐብሊክ ግን «ቱርኪዬ ጁምሁሪዬቲ»። ኢስታንቡል ውስጥ ያለው ዝነኛው የጋላታ ግንብም «ጋላታ ኩሌሲ» ይባላል፤ ግንብ ብቻውን «ኩሌ» ነው።

ይህች ቅጥያ ምን እንደምትሠራ የገባው ሰው ከቱርክኛ የስም ሰዋስው ከባዱን ክፍል አልፏል ብዬ አምናለሁ። በቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደ ዋናው ትምህርታቸው ከመግባታቸው በፊት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራሉ፤ የስም ሙያዎችና የባለቤትነት ቅጥያዎችም የሚመጡት ገና በጠዋቱ ነው። በኢንተርኔት የሚያገኟቸው ማብራሪያዎች በብዛት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መንገድ ነው። የእኛው አማርኛ በስም አያያዙ ለቱርክኛ እጅግ ይቀርባል፤ ቢዛመዱ ኖሮ እንኳ ከዚህ በላይ ይመሳሰሉ ነበር ለማለት ያዳግታል። ዝምድና ግን የላቸውም፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ቱርክኛ ከአዘርባጃንኛ፣ ከካዛክኛ፣ ከኡዝቤክኛና ከሌሎች ጋር የቱርኪክ ቤተሰብ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ቱርክኛ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ስምንት አናባቢዎችም አሉት። ከስምንቱ አምስቱን በግዕዝ ፊደል ያለ ችግር እንጽፋቸዋለን። ስድስተኛው «ብር» ስንል በ«ብ» ውስጥ የሚሰማው የሳድስ ድምፅ ዓይነት ነው፤ ሌላው ዓለም የሚቸገርበትን ይህን ድምፅ እኛ ከእናታችን ጋር ነው ያገኘነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ፣ ምላስን እንደ «ኢ» ወይም እንደ «ኤ» አድርጎ ከንፈርን በማሞጥሞጥ የሚነገሩት፣ ፊደላችን ውስጥ ስለሌሉ በ«ኡ» እና በ«ኦ» እጠጋቸዋለሁ። ሳድሱ ቃል መጨረሻ ላይ ቅጥያ ሆኖ ሲመጣም እንዳይዋጥ «እ» ብዬ ለይቼ እጽፈዋለሁ።

የስም ሙያ ማለት ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘው ሥራ ነው፦ አድራጊው ማን ነው፣ የተደረገበት ማን ነው፣ ነገሩ ወዴት ሄደ፣ ከየት መጣ፣ የማን ነው። አማርኛ ይህን ከፊትና ከኋላ ያሳያል። «ን» ከኋላ ይለጠፋል፤ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» ከፊት ይቀመጣሉ። ቱርክኛ ከፊት ምንም አያስቀምጥም፤ ሁሉንም ከኋላ ይቀጥላል። ቤት «ኤቭ» ነው፤ አድራጊ ሲሆን ባዶውን ይቆማል። «ኤቪ» ቤቱን፣ «ኤቬ» ወደ ቤት ወይም ለቤት፣ «ኤቭዴ» ቤት ውስጥ፣ «ኤቭዴን» ከቤት፣ «ኤቪን» የቤቱ። ስድስቱ ሙያዎች እነዚሁ ናቸው፤ ሰዋስው ጻፊዎች «ከ... ጋር» የሚለውን ሰባተኛ አድርገው የሚቆጥሩበት ጊዜ አለ፤ እሱ ግን ራሱን ችሎም የሚቆም ቃል ስለሆነ ብዙዎቹ ይተዉታል።

የቅጥያው አናባቢ ቃሉን ተከትሎ ይለዋወጣል። ትምህርት ቤት «ኦኩል» ነው፤ «ኦኩሉ»፣ «ኦኩላ»፣ «ኦኩልዳ»፣ «ኦኩልዳን»፣ «ኦኩሉን» ይላል። «ዴ» የነበረው «ዳ» ሆነ፣ «ኢ» የነበረው «ኡ» ሆነ፤ የቃሉ የመጨረሻ አናባቢ በአፍ ፊት ወይስ በአፍ ኋላ የሚነገር መሆኑ፣ ከንፈርም መሞጥሞጡ ወይም አለመሞጥሞጡ ይወስነዋል። ተማሪዎች በዚህ ሕግ ብዙ ይጨነቃሉ፤ እኔ ግን አፍ ራሱ የሚለምደው ነገር ነው ባይ ነኝ። ተነባቢዎች ላይም ትንሽ ለውጥ አለ። መጽሐፍ «ኪታፕ» ነው፤ አናባቢ ሲከተለው «ኪታብእ» ይሆናል። በዓረብኛው «ኪታብ» የነበረው «ብ» ቃል መጨረሻ ላይ «ፕ» ሆኖ ነበር፤ አናባቢ ሲያገኝ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከስድስቱ ሙያዎች መካከል አማርኛ ተናጋሪ ምንም ሳይማር የሚያውቀው ተሳቢውን ነው። ጋዜጣ በቱርክኛ «ጋዜቴ» ነው። «ጋዜቴ ኦኩዱም» ጋዜጣ አነበብኩ፤ «ጋዜቴዪ ኦኩዱም» ጋዜጣውን አነበብኩ። የመጀመሪያው የትኛውንም ጋዜጣ ነው፤ ጊዜዬን በማንበብ አሳለፍኩ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ተናጋሪውም ሰሚውም የሚያውቁትን ያንን ጋዜጣ ነው። ልክ እንደ እኛ «ን»፣ የቱርክኛው «ኢ» የሚወጣው ተሳቢው ሲታወቅ ብቻ ነው። የተጸውኦ ስም ሲሆን ደግሞ ግዴታ ነው፤ «ዜይኔፕን» ማለት ያለብንን ያህል እነሱም «ዜይኔፒ» ማለት አለባቸው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እኛ «ጋዜጣ-ው-ን» ብለን መታወቁን በ«ው»፣ ተሳቢነቱን በ«ን» እናሳያለን፤ ቱርክኛ የመታወቅ ቅጥያ ስለሌለው አንዱ «ኢ» ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ባለቤትነት እንምጣ። ቤቴ «ኤቪም» ነው። ቤትህም ቤትሽም «ኤቪን» ነው፤ ቱርክኛ ወንድና ሴት አይለይም። ቤቱም ቤቷም «ኤቪ»። ቤታችን «ኤቪሚዝ»። ቤታችሁ «ኤቪኒዝ»፤ ይኸው ቃል ለአንድ ሰው በአክብሮት ሲነገር «ቤትዎ» ማለት ነው፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ወይም ለማያውቁት ሰው «ኤቪን» ማለት እኛ አንቱ የሚባልን ሰው አንተ እንደማለት ይቆጠራል። ቤታቸው «ኤቭሌሪ»።

የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ሌር» ወይም «ላር» ነው። ከቤቶቻችን ለማለት «ኤቭሌሪሚዝዴን» ይባላል። ይህን ቃል በእንግሊዝኛ የሚያስረዱ ሰዎች እንደ ትንግርት ያቀርቡታል። እኛ ግን «ቤቶቻችን» የሚለውን ቀን በቀን እንናገራለን፤ ቤት፣ ቀጥሎ «ኦች»፣ ቀጥሎ «ኣችን»። ቱርክኛም ኤቭ፣ ቀጥሎ «ሌር»፣ ቀጥሎ «ኢሚዝ»። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ስሙ፣ ከዚያ ብዛቱ፣ ከዚያ ባለቤቱ። ልዩነቱ እኛ «ከ»ን ከፊት ስናስቀድም እነሱ «ዴን»ን ከሁሉ ኋላ ማድረጋቸው ነው። ፊደላችንም ቢሆን ቅጥያ ከቃል ጋር ሲዋሐድ ማየት አስለምዶናል፤ ቤት እና «ኤ» ተገናኝተው «ቴ» ሲሆኑ ቅጥያው የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው መደብ ቅጥያዎች እንግዲህ አያስቸግሩም። የሦስተኛው መደብ «ኢ» ግን ሌላ ነገር ነው። የዜይኔፕ ቤት ለማለት ቱርክኛ «ዜይኔፒን ኤቪ» ይላል። ቃል በቃል «የዜይኔፕ ቤቷ» ነው። ባለቤቷ የአገናዛቢ ቅጥያ ትይዛለች፤ ቤቱም በበኩሉ «የእሷ ነኝ» የሚል ምልክት ይይዛል። ሁለቱም ወገን ይፈርማል። «ዜይኔፒን ኤቭ» ብሎ መተው በቱርክ ጆሮ ያልተቋጨ ንግግር ነው። በአማርኛ አንዱ ወገን ይበቃል። በግዕዝ ግን «ወልዱ ለንጉሥ» ሲባል የንጉሡ ልጅ ማለት ነው፤ ቃል በቃል «ልጁ ለንጉሥ»። እዚያም «ኡ» ልጁ ላይ፣ «ለ» ንጉሡ ላይ ነው። ቅኔ ቤት ወይም ቅዳሴ ጆሮውን ያሠለጠነለት ሰው የቱርክኛውን አሠራር ቶሎ ይቀበለዋል፤ የሚለየው በግዕዝ ባለቤቱ ከኋላ፣ በቱርክኛ ከፊት መምጣቱ ብቻ ነው። ቅጥያዋ የምትለጠፍበት ስም በአናባቢ ካለቀ «ኢ» «ሲ» ትሆናለች፤ «ኩሌ» «ኩሌሲ» የሆነው ስለዚህ ነው።

ታዲያ የጋላታ ግንብ ለምን «ጋላታንእን ኩሌሲ» አልተባለም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ቱርክኛ ሁለት ዓይነት አያያዝ አለው። «ኦኩሉን ባህቼሲ» የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው፤ አንድ የታወቀ ትምህርት ቤት አለ፣ ግቢውም የእሱ ነው። «ኦኩል ባህቼሲ» ደግሞ የትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ የግቢውን ዓይነት ይናገራል እንጂ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አይናገርም። በእኛ «የትምህርት ቤቱ» እና «የትምህርት ቤት» መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሁለተኛው የመጀመሪያው ስም ባዶውን ይቆማል፣ «ሲ» ግን ከሁለተኛው ስም ላይ አትወርድም። የመሥሪያ ቤት፣ የአደባባይ፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የድልድይ ስሞች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። «ሚሌት ሜጅሊሲ» የሕዝብ ጉባኤ ነው፣ «አንካራ ኡኒቬርሲቴሲ» አንካራ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዲስ አበባ የሚያርፉት የቱርክ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ባለቤትም «ቱርክ ሃቫ ዮልላርእ» ነው፤ «ሃቫ» አየር፣ «ዮል» መንገድ፣ «ላር» የብዙ ቁጥር፣ «እ» ያችው ቅጥያ በሳድስ መልኳ።

ስለዚህ «ኢ»ን «የእሱ» ወይም «የእሷ» ብሎ ብቻ መሸምደድ ያሳስታል። ትክክለኛው ሥራዋ «ይህ ስም ከፊቱ ካለ ሌላ ስም ጋር የተያያዘ ነው» ብላ መናገር ነው። ያ ሌላ ስም ሰው ሊሆን ይችላል፣ አገር ሊሆን ይችላል፣ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሳይጠራ ታውቆ የቀረ ሊሆን ይችላል። ቦታዋም አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት ናት፤ የትምህርት ቤት ግቢያችን ለማለት «ኦኩል ባህቼሚዝ» ይባላል፤ «ሚዝ» ሲመጣ «ሲ» ትወጣለች።

አማርኛ እዚህም ላይ ያግዛል። የእኛ «ኡ» «ቤቱ» ስንል የእሱ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ያ የታወቀው ቤትም ሊሆን ይችላል። «አንዱ» ስንል ደግሞ ከነዚያ ውስጥ አንዱ ማለታችን ነው። ቱርክኛም አንድ «ቢር» ብሎ፣ አንዱን «ቢሪ» ይለዋል። ሁለት «ኢኪ»፣ ሁለቱ «ኢኪሲ»። ሁለታችን «ኢኪሚዝ»፣ ሁለታችሁ «ኢኪኒዝ»፣ ሁላችን «ሄፒሚዝ»፣ ሁላችሁ «ሄፒኒዝ»። ከውስጣችን አንዱ ሲል ቱርክ «ኢቺሚዝዴን ቢሪ» ይላል፦ «ኢች» ውስጥ፣ «ኢሚዝ» ኣችን፣ «ዴን» ከ፣ «ቢር» አንድ፣ «ኢ» ኡ። አንድም የቀረ፣ አንድም የተረፈ ነገር የለም። ይህን መገጣጠም ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በሦስተኛው መደብ «ኢ» ላይ የሙያ ቅጥያ ሲጨመር በመካከል «ን» ትገባለች። ቤቱ ውስጥ፣ ማለትም በእሱ ቤት፣ «ኤቪዴ» አይባልም፤ «ኤቪንዴ» ነው። ከእሱ ቤት «ኤቪንዴን»፤ ቤቱን፣ የእሱን፣ «ኤቪኒ»። ይህች «ን» የሦስተኛው መደብ ተውላጠ ስም ላይም አለች፤ እሱ «ኦ» ነው፣ እሱን «ኦኑ»፣ ለእሱ «ኦና»፣ ከእሱ «ኦንዳን»። ችግሩ በአንተ ቤትም «ኤቪንዴ» መሆኑ ነው። በአንደኛው «ን» የአንተነት ምልክት ናት፤ በሌላው መሸጋገሪያ ናት። ጆሮ አይለያቸውም፤ ዓይንም አይለያቸውም። የሚለያቸው ባለቤቱ ሲጠራ ነው፦ «ሴኒን ኤቪንዴ» በአንተ ቤት፣ «ኦኑን ኤቪንዴ» በእሱ ቤት። ቱርኮች እነዚህን ተውላጠ ስሞች ብዙውን ጊዜ አይናገሯቸውም፤ ቃሉ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ግን ያወጧቸዋል።

«ኤቭሌሪ» ደግሞ ይብሳል። ቤቶቹን ሊሆን ይችላል፣ የእሱ ቤቶች ሊሆን ይችላል፣ የእነሱ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የእነሱ ቤቶችም ሊሆን ይችላል። የእነሱ ቤቶች ሲሆን «ሌር» ሁለት ጊዜ መምጣት ነበረበት፤ ቋንቋው ግን ሁለቱን አይደራርብም፣ አንዱን ይውጣል። ከዓረፍተ ነገሩ ሌላ ፈራጅ የለም።

አሁን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «ዜይኔፕ አኔሲኒን ኤቪንዴን ጌልዲ»። ትርጉሙ ዜይኔፕ ከእናቷ ቤት መጣች ነው። እናት «አኔ» ናት፤ «ሲ» የዜይኔፕ መሆኗን፣ «ን» መሸጋገሪያዋን፣ የመጨረሻው «ኢን» የቤቱ ባለቤት መሆኗን ያሳያል። ቤት «ኤቭ»፤ «ኢ» የእናትየው መሆኑን፣ «ን» መሸጋገሪያዋን፣ «ዴን» መነሻ ስፍራ መሆኑን ይናገራል። በአማርኛው ላይ ግን «ከ» የት እንዳለች ልብ በሉ። የመጣችው ከቤት ነው፤ «ከ» የተለጠፈችው እናት ላይ ነው። «የ» ደግሞ «ከ» ስትመጣ ጠፍታለች፤ «ከየእናቷ ቤት» አንልም። የአማርኛ መነሻ ቅጥያ የሐረጉ መጀመሪያ ላይ ያርፋል፤ የቱርክኛው መድረሻ ቅጥያ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ሐረጉን በጠቅላላው ነው የሚይዙት።

ከዚህ የሚመጣ ፈተና አለ። ትልቁን ቤት ስንል «ኡ»ም «ን»ም ቅጽሉ ላይ ነው ያለው፣ ቤት ባዶውን ነው። የእኛ እጅ ቱርክኛ ሲጽፍም ቅጥያውን «ቡዩክ» ላይ ለመለጠፍ ይቸኩላል። ቱርክኛ «ቡዩክ ኤቪ» ይላል፤ ቅጽሉ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው የመጨረሻው ስም ነው። ቱርክኛን ከመጨረሻው ስም ጀምሮ ወደ ኋላ ማንበብ የሚለምድ ሰው ረጅሙን ሐረግ ሳይፈራ ይፈታዋል።

ባለቤትነት ከግሥ ጋርም ይነካካል። «አለኝ» የሚል ግሥ ቱርክኛ የለውም። «ኤቪም ቫር» ቤት አለኝ ነው፤ ቃል በቃል «ቤቴ አለ»። «ፓራም ዮክ» ገንዘብ የለኝም፤ ቃል በቃል «ገንዘቤ የለም»። እኛ ባለቤቱን ግሡ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ እነሱ ስሙ ላይ። ስለዚህ «ዜይኔፕ ቤት አላት» «ዜይኔፒን ኤቪ ቫር» ይሆናል፤ «ኢ» ከተረሳች ቤቱ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

አማርኛ የማያግዝበት ቦታም አለ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። አንዳንድ ግሥ የሚፈልገው ሙያ ከእኛ ይለያል። አህሜትን ጠየቅኩት ስንል አህሜት ተሳቢ ነው፤ ቱርኩ «አህሜቴ ሶርዱም» ይላል፣ ለአህሜት ጠየቅኩ። እናቴን ረዳኋት «አኔሜ ያርድም ኤቲም» ነው፣ ለእናቴ እርዳታ አደረግኩ። እባብ እፈራለሁ «ይላንዳን ኮርኩዮሩም» ነው፣ ከእባብ እፈራለሁ። በአንጻሩ ማወዳደሪያው እንደ እኛው ነው፤ «ኢስታንቡል አንካራዳን ካላባልክ»፣ ኢስታንቡል ከአንካራ ይልቅ ሰው ይበዛበታል። ግሡን ብቻውን ሳይሆን ከሚፈልገው ቅጥያ ጋር በአንድ መስመር ጽፎ መያዝ ይሻላል።

የቱርኪክ ቋንቋዎች ይህን ሁሉ በየፊናቸው ይጋራሉ። አዘርባጃንኛ መሸጋገሪያዋን «ን» እንደ ቱርክኛ ይጠብቃታል። ኡዝቤክኛ ከቦታ ቅጥያው በፊት ትቷታል፤ ቤት እዚያ «ኡይ» ነው፣ በእሱ ቤት «ኡዪዳ»፣ በአንተ ቤት «ኡዪንግዳ»፣ ስለዚህም ቱርክኛ ላይ ያየነው መምታታት የለበትም። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚነገረው ያኩትኛ ደግሞ የአገናዛቢ ሙያውን አጥቷል። የአባቴ ቤት ሲል «አባቴ ቤቱ» ብሎ ይጨርሰዋል፦ ባለቤቱ ባዶውን ይቆማል፣ የሦስተኛው መደብ ቅጥያ ግን ቤቱ ላይ እንዳለች ናት።